የመጀመሪያው ዋጋ

ሰኞ

ቲጂ ርዕስ አገኘች። ርዕሱ ኪሩ ነው።

እህቴ ትዕግስት የዶክትሬት ተማሪ ናት። የምታጠናው የሸማቾች ባህሪ ነው፤ ሰው ለምን ይህን ትቶ ያንን እንደሚገዛ። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩ ራሱ ድሮ ያስቀን ነበር። ኮርሷን ጨርሳለች። የቀራት የምርምር ርዕስ መምረጥ ነው፤ እሱ ግን ከኮርሱ ሁሉ ባሰባት። እስከ ዛሬ አማካሪዋ የጣለባት፦

የሞባይል ባንክ ደንበኞች ታማኝነት። («የተበላ ርዕስ ነው።»)
የታሸገ ውሃና የብራንድ ምርጫ። («ክፍተቱ የታለ?»)
በቴሌግራም ልብስ የሚገዙ ሴቶች። («ሌሎች ይዘውታል።»)

የፊታችን ሰኞ የመጨረሻ ቀኗ ነው። ያን ቀን ርዕስ ካላስገባች አማካሪዋ ሌላ ተማሪ ይቀበላል፤ እሷም ዓመቱን ትጠብቃለች።

ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን እየሮጠች ነው የወጣችው። ሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች፤ ማታ ማታ እግሯን እየጎተተች ነው የምትገባው፤ እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነን። በሩን ስከፍትላት ፊቷ በርቷል። ከክረምቱ ወዲህ እዚህ ቤት በርቶ የገባ ፊት ስላላየሁ እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ራት ላይ ነገረችን። «ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ የግዢ ውሳኔ።» ሰው ሲሞትበት ምን ይገዛል፣ እንዴት ይገዛል፣ ምን መግዛት ይተዋል። አማካሪዋ ሲሰማት ወንበሩን አስጠጋ አለች። እስከ ዛሬ ወንበሩን አስጠግቶላት አያውቅም።

«ምን ብለሽ ነገርሽው?» አልኳት።

«የሳጥኑን ነገር።»

የሳጥኑ ነገር ይሄ ነው። ኪሩቤል፣ በእኔና በእሷ መካከል የነበረው ወንድማችን፣ በክረምቱ ዝናብ መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የሬሳ ሳጥኑን ተክለ ሃይማኖት ሄደው የገዙት ቲጂና አጎታችን ናቸው። ሻጩ ዋጋውን ጠራ፤ አጎታችን ኪሱ ገብቶ ከፈለ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

ኪሩ እኮ ነው። ኪሩ በሕይወቱ ካልሲ እንኳ በተጠራው ዋጋ ገዝቶ አያውቅም። «የመጀመሪያው ዋጋ ሰላምታ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ ትልና ወሬ ትጀምራለህ» ይል ነበር። ሳጥኑ ግን በሰላምታው ተገዛ።

ይሄንን ነው ቲጂ ለአማካሪዋ የተረከችለት። እሱም «ይሄ ነው ክፍተቱ!» አላት። እየሳቀች ነው የነገረችን። እየሳቀች ማለቴ፣ ጥርሷ ይታይ ነበር።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሳህኖቹን ሰበሰበችና ወደ ማድ ቤት ሄደች። ውሃው ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ ሲፈስ ሰማሁት። ሦስት ሳህን ያን ያህል ውሃ አይፈጅም።

«ተከፋች እንዴ?» አለችኝ ቲጂ።

ዶክተር የምትሆነው እሷ ናት፤ ራሷ ትወቀው።

ማክሰኞ

ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተማርኩ ግን አልልም።

ሚኪ በእረፍት ሰዓት መጣ። ከለቅሶው ወዲህ እኔን ሲያይ ድምፁን የማይቀንስ ብቸኛው የክፍሌ ልጅ እሱ ነው።

«ጀለሴ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነካህ?»

ነገርኩት።

«ታዲያ ዶክተር ትሁን እንጂ! ከፈለገች ስለ እኔ ትጻፍ። ‹ምንም የማይገዛ ሸማች› ብላ። መጽሐፍ ይወጣዋል።»

ሳቅሁ። ከዚያ በመሳቄ ተናደድኩና ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። እሱ ምን አጠፋ?

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ የቲጂ ወረቀት ተዘርግቷል። «የሙከራ መጠይቅ» ይላል። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ለሟች መታሰቢያ የተገዙ ዕቃዎች፤ ባነር፣ ቲሸርት፣ ሻማ፣ ሌላ።

ቲሸርቱን አውቀዋለሁ። ፎቶውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ልጁ «ትንሽ ፈገግ ያለበት የለም?» ሲለኝ ቆሜ ስልኬን ስገላብጥ ነበር። በሁሉም ፎቶ ላይ ፈገግ ብሏል። ያ ቀን አሁን አንዲት ቃል ሆኖ በባነርና በሻማ መካከል ተቀምጧል። ከሥሩ ደግሞ፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም።

ራት ሽሮ ነበር። ቲጂ ዞር ዞር ብላ «ቃሪያ የለም እንዴ?» አለች።

«ተወዷል» አለች እማዬ።

ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ፣ ልብስ የምናሰጣበት ጋ፣ ያዝኳት።

«ሌላ ርዕስ ፈልጊ» አልኳት።

«ያቢ፣ ሌላ ርዕስ የለኝም። አንተ አይገባህም።»

«ወንድምሽን ነው የምትሸጪው።»

«እሱ ራሱ ስለ እኔ ጻፊ ብሎኛል! እዚያው ተቀምጠህ ስትሰማ አልነበር?»

ነበርኩ። ያንን ቀን አዲስ ጫማ ገዝቶ መጣና እንዴት እንዳስቀነሰ በትወና አሳየን። ሁለት ጊዜ ጥሎ ሄዷል፤ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፤ በሁለተኛው ሻጩ «አንተ ልጅ፣ ውሰደውና ከዓይኔ ጥፋ» አለው። ቲጂ መጽሐፍ ይዛ ነበር። መጽሐፉን ከእጇ ነጠቀና፣ «ይሄ ምን ያደርግልሻል? ሸማች ማለት እኔ ነኝ። ስለ እኔ ጻፊና ዶክተር ሁኚ!» አላት። እማዬ እስክታስል ሳቀች።

«ስለ እኔ ጻፊ አለ እንጂ ስለ ሳጥኔ ጻፊ አላለም» አልኳት።

ቲጂ የደረቀውን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። አጥፋ ስትጨርስ ፈታችውና እንደገና አጠፈችው።

«አንተ ብቻ ነህ የሞተብህ?» አለች በመጨረሻ። «ሳጥኑን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ‹ይሄ ይሻላል፣ ያ ይሻላል› እያለ ሰውየው ሲያሳየኝ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንተ ቤት ነበርክ።»

እውነቷን ነው። ቤት ነበርኩ። ወንበር እደረድር ነበር።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬን የቲጂ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። መጠይቁ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ታነብባለች። እኔን ስታይ እጇን ሰብስባ መጋረጃ ወደ ማስተካከል ሄደች። መጋረጃው ምንም አልሆነም ነበር።

ዓይኗ ቀልቷል።

ከዚህ በላይ አልታገሥም። አባታችን ለቅሶው ላይ መጥቶ፣ ከሠልስቱ ማግስት ወደ ሐዋሳው ቤቱ ተመልሷል። አጎታችን ስልክ ይደውላል። እዚህ ቤት «ተዉ» የሚል ሌላ ሰው የለም።

ቲጂ እንደገባች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ እንዲህ አልኳት፦ «እማዬን አንዲት ጥያቄ ብትጠይቂያት ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

«የት ትሄዳለህ?»

«ሐዋሳ።»

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመች።

«እማዬን አልነካም» አለች። «እምልልሃለሁ። ለማንኛውም የራስን ቤተሰብ ማጥናት አይፈቀድም። ሌሎች ቤቶች ነው የምሄደው። ግን ነገ አብረኸኝ ና። ብቻዬን ከሄድኩ አልችለውም።»

ያንን ስትል አስተማሪ አልመሰለችም። እሺ አልኳት። የሥራ ባልደረባዋ አክስት አሉ፣ እትዬ አልማዝ የሚባሉ፤ ባላቸው በቅርቡ ሞተዋል። ባልደረባዋ ነግራልናለች። የእኔ ሥራ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ በስልኬ ድምፅ መቅዳት ነው።

ስምምነታችን፦ እኔ እሄዳለሁ፣ እሷ እማዬን ትተዋለች።

ያሸነፍኩ ይመስለኛል።

ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፍ። ብረሳው ደግሞ ደስ ባለኝ።

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው ቤታቸው። ከልደታ ከቤታችን በእግራችን ሄድን። ቲጂ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ እኔ ጥቁር ጃኬት። ሌላ ልብስ መልበስ ካቆምን ቆይተናል፤ ስለዚህ አላሰብንበትም። ደረጃው ላይ ስልኬ በደንብ ይቀዳ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ከፈትኩትና ኪሴ ከተትኩት።

በሩ ተከፈተ። ውስጥ አራት አምስት ሴቶች ተቀምጠዋል። እኛን ሲያዩ ሁሉም ብድግ አሉ። ቲጂ «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ለ...» ብላ ሳትጨርስ እትዬ አልማዝ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«እኔን! እኔን ልጄን! አንቺም ወንድምሽን ቀብረሽ፣ የእኔን ሐዘን ልትካፈይ መጣሽ?»

ባልደረባዋ የነገረቻቸው «ወንድሟ የሞተባት ጓደኛዬ ትመጣለች» ብላ ነው። ሌላ ምን ይጠርጠሩ? ጥቁር ለብሰን ሐዘን ቤት ስንገባ ለቅሶ ደራሽ ካልሆንን ምን ልንሆን ነው?

ቲጂ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ሴቶቹ ሲያለቅሱ እሷም አለቀሰች። አስቀመጡን። ሻይ መጣ፣ ዳቦ መጣ። መጠይቁ ያለበት ቦርሳ ጭኗ ላይ ነው፤ በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች።

አጠገቤ የተቀመጠው የእትዬ አልማዝ የመጨረሻ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ከዕድር ናችሁ?»

«አይደለንም።»

«ከባንክ?»

«አይደለንም።»

«ታዲያ ወረቀቱ ምንድነው? ይታያል እኮ።»

«የቤት ሥራ።»

ቦርሳውን አየው፣ ቲጂን አያት፣ ከዚያ «ትልቅ ሰው ናት እኮ» አለኝ።

ለቲጂ በዓይኔ «እንሂድ» አልኳት። ልትነሳ ስትል እትዬ አልማዝ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ወንድምህ ስሙ ማን ነበር?»

«ኪሩቤል።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ይሄንን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። «በርታ»፣ «አንተ ወንድ ነህ»፣ «ለእናትህ ስትል ቻል» ያለኝ ብዙ ነው። ድንኳን ውስጥ ወንበር ተሸክሜ፣ ውሃ አመላልሼ፣ ቀብር ሄጄ፣ አንድ እንባ አልወጣኝም። ሰዎች «ጠንካራ ልጅ» ሲሉኝ እኔ ራሴ የሆነ ነገር የጎደለኝ መስሎኝ ነበር።

«ዋጋ መከራከር ይወድ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ሌላ አሪፍ ነገር መናገር ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ እሱ ነው። «አንድ ቀን ጫማ ሲገዛ...» አልኩ። ከዚያ በላይ አልሄደም። የማላውቃቸው ሴቶች ፊት፣ የማላውቀው ሶፋ ላይ፣ ዳቦ በእጄ ይዤ፣ ጮኼ አለቀስኩ። እትዬ አልማዝ ራሴን ይዘው ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። ልጃቸው ዳቦውን ከእጄ ወስዶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አዎ፣ ተከራካሪ ሰው ቤት ሲጎድል ያስታውቃል» አሉ እትዬ አልማዝ። «የእኔም እንደዚያው ነበር። ሳጥኑን የገዛው ወንድሜ ነው። ኋላ ‹ምነው ሳትከራከር?› ብለው፣ ‹እፍረት ያዘኝ፤ በእሱ ላይ የተከራከርኩ መሰለኝ› አለኝ።»

ቲጂን አየኋት። አማካሪዋ ወንበሩን የሚያስጠጋለት ነገር ይሄ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከገዛ አፋቸው። እስክሪብቶ አላነሳችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

ስንወጣ እትዬ አልማዝ እስከ ደረጃው ሸኙን። ቲጂን «ብቻሽን አትሁኚ፤ ተመላለሺ» አሏት።

መንገድ ላይ ሰዓት ለማየት ስልኬን ሳወጣ ቀዩ ነጥብ አሁንም ብልጭ ይላል። ልሞክር ብዬ ከፍቼው ረስቼዋለሁ። ሁሉንም ቀድቶታል።

ለቲጂ አሳየኋት። ቆመች። ሰው እየገፋን ያልፋል።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ስልኬን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዓርብ

ጠዋት ስልኬን መለሰችልኝ። «ራስህ አጥፋው» አለች።

«አልሰማሽውም?»

«በሩ ተከፍቶ ‹እኔን ልጄን› እስካሉት ድረስ ሰማሁ።»

አጠፋሁት። ስልኩ «በእርግጥ ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ እንኳ ይጠይቃል።

ከሰዓት በኋላ ለአማካሪዋ ስትደውል እዚያው ነበርኩ፤ ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማል።

«ዶክተር፣ ያንን ርዕስ ትቼዋለሁ።»

«ምነው? ጥሩ ይዘሽ አልነበር እንዴ?»

«አልቻልኩም።»

ሲያስነጥስ ሰማሁት። «እንግዲያው ወደ ባንኩ ተመለሺ፤ የተበላም ቢሆን የሚሆን ነገር እንፈልግለታለን። ሰኞ ጽፈሽ አምጪ።»

ስልኩን ዘጋችና መጠይቆቹን ሰብስባ ጀርባቸውን ገለበጠች። ለተማሪዎቿ የፈተና ረቂቅ ትጽፍበታለች አለች። ወረቀት ውድ ነው።

የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። ኪሩ ከወረቀት ወጣ። እማዬን ማንም አልነካትም። ሳጥኑ የእኛ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ለምንድነው ራቱ ያልጣመኝ? ቴሌቪዥኑ የሞባይል ባንክ ማስታወቂያ ያሳያል፤ አንዲት ሴት ስልኳን አቅፋ ትደንሳለች። ቲጂ አየቻትና «ታማኝ ደንበኛ» አለች። ማንም አልሳቀም። እማዬ ቲጂን ታያለች፣ ከዚያ መጠይቁ የነበረበትን ባዶ ጠረጴዛ ታያለች፣ ከዚያ እኔን።

ሚኪ መልእክት ላከ፦ «አሁንም ኩርፊያ ነው?» አልመለስኩለትም።

ቅዳሜ

ተሳስቼ ነበር። ሌላ ምን ብዬ ልጀምር?

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ትዕግስት» አለች። እማዬ ቲጂን ሙሉ ስሟን የምትጠራት ነገር ሲኖር ነው። «ያ የወንድምሽ ጽሑፍ ምን ደረሰ?»

«ተውኩት እማዬ።»

«ለምን?»

ቲጂ እኔን አየችኝ። አላሳበቀችም። ግን አየችኝ፤ እማዬም ዓይኗን ተከትላ አየችኝ።

«እኔ ነኝ ያስተውኳት» አልኩ። «አንቺ እንዳትከፊ ብዬ።»

«ማን ተከፋሁ አለህ?»

«ሰኞ ዕለት ተነስተሽ ሄድሽ እኮ። ውሃው... ረቡዕ ደግሞ ዓይንሽ...»

«አለቀስኩ። ማልቀስ አይፈቀድልኝም?» አለች። ቁጣ ነበረው ድምፅዋ። «ሰኞ ዕለት ስሙ ተጠራ። ከአርባው ወዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስሙ ተጠርቶ ያውቃል? አንተ ትጠራዋለህ? እሷ ትጠራዋለች? ጎረቤቱ ይመጣል፤ ስለ ልጄ አንድ ነገር ልናገር ስል ‹ተይ በቃ፣ ፈጣሪን አታስቀይሚ› ብሎ ወሬ ይቀይርብኛል። እናንተ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት ‹ሻይ ላፍላልሽ› ትሉኛላችሁ። ሻይ ሰለቸኝ!»

ቲጂ አፏን ያዘች።

«ወረቀቱን አነበብኩት፤ አንዱንም ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር እኮ። ሰው ቤት ሄዳችሁ እኔን ትታችሁ...»

«እማዬ፣ የራስን ቤተሰብ ማጥናት አይቻልም» አለች ቲጂ። «ደንቡ አይፈቅድም።»

«ለትምህርትሽ ነው አልኩሽ? ወረቀቱን አምጪ።»

ቲጂ ከፈተና ረቂቆቹ መሃል አንዱን ገልብጣ አመጣች። ለማንበብ ሞከረች፤ ድምፅዋ ከዳት። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ነኝ ያነበብኩት። እኔ!

«ከሐዘኑ ወዲህ ቤታችሁ መግዛት ያቆመው ነገር አለ?»

«ቃሪያ» አለች እማዬ። ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም።

ቲጂ ቀና አለች። «ተወዷል ብለሽን...»

«ታዲያ ምን ልበላችሁ? ወንድማችሁ ያለ ስንግ እህል አይበላም ነበር። ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ቃሪያውን ሰንጥቄ ለማን ልሙላው?»

ከማክሰኞ በፊትም በኋላም ማዕዱ ላይ ቃሪያ አልነበረም። ወራት ሙሉ። አላስተዋልኩም። ወንድሜን እየጠበቅኩ ነው ያልኩት እኔ።

ከዚያ በኋላ እሷን ማስቆም አልተቻለም። ኪሩ ልጅ ሳለ ሳሙና ግዛ ብላ ልካው፣ ባለሱቁ አልቀንስም ስላለው ገንዘቡን ይዞ መመለሱን ነገረችን። «ልብሱ በምን ይታጠብ?» ብትለው፣ «ነገ ይቀንሳል» ብሏታል። ይሄንን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ኪሩ የእኔ ብቻ የሚመስለኝ ለምን እንደነበር አላውቅም፤ ከእኔ በፊት ሌላ ኪሩ ነበራቸው።

እያነበብኩ ያች ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ልዘላት ፈለግኩ። እማዬ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። አስቀድማ አንብባታለች።

«በሐዘን ጊዜ በሳጥን ዋጋ መከራከር ነውር ነው። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ...»

እማዬ አሰበች። «እሱ ቢሆን በገዛ ሳጥኑ ይከራከር ነበር» አለች።

መጀመሪያ ቲጂ ፈነዳች። ከዚያ እኔ። ከዚያ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክታስል ሳቀች። ጎረቤት ሰምቶን ከሆነ አብደዋል ብሏል። ስንጨርስ ሦስታችንም እያለቀስን ነበር። የትኛው የሳቁ፣ የትኛው የሌላው እንባ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አሁንም ደስ አላለኝም። ቲጂ ላይ ያለኝ ንዴት አልወጣልኝም፤ እኔ ላይ ያለኝ ደግሞ ተጨመረበት። ለሚኪ ግን «ይቅርታ» ብዬ ላክሁለት። «ዶክተር ሆነች?» ብሎ መለሰ።

እሑድ

ጠዋት እማዬ «ቃሪያ ይዘህ ና» አለችኝ። እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው፤ ጨው አምጣ እንደማለት። ጥቁሯን ለብሳለች፤ ዓመቱ ሳይሞላ አታወልቀውም። ግን ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

ቲጂ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ርዕስ ጽፋ ተቀምጣለች። አንዱ ባንኩ ነው። ሌላው ያው የሐዘኑ ነው፤ «ሳጥን» የሚለው ጥያቄ ግን ከመጠይቁ ወጥቶ «ማውራት የሚፈልጉት ነገር ካለ» የሚል ገብቷል። እትዬ አልማዝ ጋ ሌላ ቀን ተመልሳ፣ የመጣችበትን ነግራ፣ ፈቃድ ትጠይቃለች። «እምቢ ካሉኝ ሻይ ጠጥቼ እመጣለሁ» አለች።

«የትኛውን ላስገባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ያቢ፣ የእውነት ነው የምጠይቅህ።»

«ሰኞ ነገ ነው፤ እስከዚያ አስቢበት» አልኳትና ወጣሁ። ፍቀድልኝ እያለችኝ ነበር። አልፈቀድኩም፤ አልከለከልኩምም። ከዚህ በላይ ዛሬ አልችልም።

ጉልቷ ከኮንዶሚኒየማችን በር ፊት ለፊት ናት። ሴትየዋ ኪሩን ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ ይጨቃጨቁ ነበር። «ይሄ ቀማኛ መጣ!» ትለው ነበር ገና ከሩቅ ስታየው። እኔን ስታየኝ ግን ዝም አለች። አንድ መደብ ቃሪያ አነሳችና ዋጋውን ነገረችኝ። ውድ ነው። ያለ ጥርጥር ውድ ነው፤ እንዳስቀንሳት ብላ እንደጠራችው ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ጠበቀችኝ።

ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን እውነተኛውን ንገሪኝ» ነው የሚባለው። ከዚያ ትንሽ ራመድ ማለት ነው። አፌን ከፈትኩ። እጄ ኪሴ ገባ።

ከፈልኩ። የመጀመሪያውን ዋጋ።

እሷም ገንዘቡን ስትቀበል ደስ አላላትም። ሁለት ቃሪያ ጨመረችልኝና ፊቷን አዞረች።

ምሳ ላይ ስንጉ ቀረበ። እማዬ አንዱን አንስታ ለእኔ፣ አንዱን ለቲጂ ሰጠች። አቃጠለኝ።

«ስንት አለችህ?» አለች እማዬ።

ነገርኳት፤ ግን የከፈልኩትን አይደለም። «አስቀነስኳት» አልኩ።

የእማዬ ፊት በራ። «አየሽው?» አለች ለቲጂ። «ወንድሙን ወጣ!»

ቲጂ ቃሪያዋን ይዛ አየችኝ። የምታጠናው ይሄንን ነው፤ ውሸት ከሆነ ታውቀዋለች። አንድ ጥያቄ ብትጠይቀኝ ኖሮ ያልቅልኝ ነበር።

አልጠየቀችኝም። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችልኝና «ብላ» አለችኝ።